አጥቂ ቀንሶ ማጥቃት፦ በኸርሊንግ የቡድን ምርጫና የማጥቃት ስልት

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የምናገረው ስለ አየርላንድ ታላቅ የዱላ ጨዋታ ስለ ኸርሊንግ፣ በተለይም አንድ አሰልጣኝ ከትልቅ ጨዋታ በፊት ባሉት ቀናት ተጫዋቾቹን እንዴት እንደሚመርጥና ጥቃቱን እንዴት እንደሚያቅድ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች ብዙ ጊዜ ተነጣጥለው ይነሳሉ፤ መጀመሪያ «ማን ይሰለፋል?» ይባላል፣ ቀጥሎ «በምን ስልት ይጫወታሉ?» ይባላል። እኔ ግን ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው ብዬ አምናለሁ። አሥራ አምስቱ ስሞች ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ የቡድኑ ጥቃት በአብዛኛው ተወስኗል፤ ከዚህም አልፎ፣ ጥቃቱን የሚወስኑት ብዙውን ጊዜ የአጥቂዎቹ ስሞች ሳይሆኑ የበረኛው፣ የተከላካዮቹና የአማካዮቹ ስሞች ናቸው። ይህን የማስረዳው በእውነተኛ ጨዋታዎች ሲሆን፣ ዋናው ማስረጃዬ በ2025 ቲፐሬሪና ኮርክ ያደረጉት የመላው አየርላንድ ፍጻሜ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን አይተው ለማያውቁ አድማጮች ጥቂት ልበል። በእያንዳንዱ ወገን አንድ በረኛ፣ ስድስት ተከላካዮች፣ ሁለት አማካዮችና ስድስት አጥቂዎች ይሰለፋሉ። ሜዳው ከ130 እስከ 145 ሜትር ይረዝማል፣ ከ80 እስከ 90 ሜትር ይሰፋል፤ ከእግር ኳስ ሜዳ በግልጽ የሚበልጥ ነው። ስሊተር የምትባለው ኳስ ከ110 እስከ 120 ግራም ትመዝናለች። የጎሉ ሁለት ቋሚዎች ከአግዳሚው በላይ ወደ ላይ ይቀጥላሉ፤ ኳሷ በአግዳሚው ሥር ከገባች ግብ ተብላ ሦስት ነጥብ ታስገኛለች፣ በአግዳሚው ላይ በቋሚዎቹ መካከል ካለፈች ደግሞ አንድ ነጥብ ይያዛል። ውጤቱ ሲጻፍ ግቡ ይቀድማል፤ 3-27 ማለት ሦስት ግብና ሃያ ሰባት ነጥብ፣ በድምሩ 36 ማለት ነው። የገና ጨዋታን የሚያውቅ ሰው የዱላውን ቅልጥፍናና የግጭቱን ድፍረት ወዲያው ይለየዋል፤ ሩሯ በአብዛኛው መሬት ለመሬት ስትሄድ ስሊተር ግን አብዛኛውን ጊዜዋን በአየር ላይ ታሳልፋለች፣ ጎበዝ ተጫዋችም ከ60 ሜትር በላይ ርቆ ነጥብ ያስቆጥርባታል። ካውንቲዎች፣ ማለትም የአየርላንድ አውራጃዎች፣ የሚያደርጉት የዋናው ውድድር ጨዋታ 70 ደቂቃ ይወስዳል።

ለምርጫ ጉዳይ ወሳኝ የሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ተጫዋቾቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ በሥራቸው ወይም በትምህርታቸው የሚተዳደሩ ሰዎች ናቸው፤ የሚሰለፉትም በተወለዱበትና ባደጉበት አካባቢ ክለብ በኩል ለካውንቲያቸው ነው። ስለዚህ አሰልጣኙ የጎደለውን አጥቂ በገንዘብ ገዝቶ አያመጣም። ረጅም አጥቂ ከሌለው፣ ረጅም አጥቂ በማያስፈልገው መንገድ ማጥቃትን መማር አለበት። እኔ ይህን ጨዋታ በተለይ እንድወደው ያደረገኝ ይኸው ነው፤ የአሰልጣኙ ሐሳብ በገበያ ሊሸፈን አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በኸርሊንግ ከእያንዳንዱ ግብና ነጥብ በኋላ፣ አጥቂው ቡድን ኳሷን በጎሉ መስመር በኩል ሲያወጣም፣ ጨዋታው የሚቀጥለው በበረኛ ምት ነው። በ2025ቱ ፍጻሜ ቲፐሬሪ 3-27፣ ኮርክ ደግሞ 1-18 አስቆጠሩ፤ ይህ ማለት ኳሷ 49 ጊዜ ተቆጥራለች፣ የሳቱት ሙከራዎች ሳይጨመሩ ወደ 49 የሚጠጋ የበረኛ ምት ተመቷል ማለት ነው። በ70 ደቂቃ ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ የሚደጋገም ሌላ የቆመ ኳስ የለም። ስለዚህ አንድ አሰልጣኝ ስድስት ድንቅ አጥቂዎች ቢኖሩትና የበረኛው ምት ግን ሁልጊዜ ለተጋጣሚ ተከላካይ እጅ የሚመች ከሆነ፣ አጥቂዎቹ ኳስ የሚያገኙት በአጋጣሚ ብቻ ይሆናል። በተቃራኒው ምቱን አጥርቶ ለነጻ ተከላካይ የሚያቀብል ወይም በሁለት ተጋጣሚዎች መካከል ባለ ክፍተት የሚያሳርፍ በረኛ ያለው ቡድን፣ በመካከለኛ አጥቂዎችም ቢሆን በርካታ ነጥብ ይሰበስባል። የአሰላለፉን ዝርዝር ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው በቁጥር አንዱ ላይ ነው።

ረጅሙ ምት የራሱ ሕግ አለው። ኳሷ ወደ ሁለተኛው የአጥቂ መስመር፣ ማለትም ከስድስቱ አጥቂዎች ለመሃል ሜዳ ወደሚቀርቡት ሦስቱ፣ ስትላክ፣ ሦስቱ አጥቂዎች የግድ በአየር ላይ እንዲይዟት አይጠበቅም፤ ዋናው ነገር ተጋጣሚው ንጹሕ አድርጎ እንዳይዛት ማድረግ ነው። ኳሷ ተነክታ ስትወድቅ ማን ቀድሞ ይደርስባታል የሚለው ጥያቄ የአማካዮቹ ምርጫ ጉዳይ ነው። አንድ አሰልጣኝ በሁለተኛው መስመር ላይ ቁመታም ሰው አሰልፎ፣ ከጎኑ ግን የወደቀችውን ኳስ የሚለቅም ፈጣን ሰው ካላኖረ፣ ግማሽ ዕቅድ ብቻ ነው ያለው። እንዲህ ዓይነቱን ግማሽ ዕቅድ በትልልቅ ጨዋታዎችም ላይ ደጋግመን አይተነዋል።

ይህን ሐሳብ እስከ ጥግ የወሰደው በአሰልጣኝ ጆን ካይሊና በረዳቱ በፖል ኪነርክ የሚመራው ሊመሪክ ነበር። ሊመሪክ ከ1973 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2018 የመላው አየርላንድን ዋንጫ አነሳ፤ ከዚያም ከ2020 እስከ 2023 አራት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። በ2018ቱ ፍጻሜ የጨዋታው ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ካይል ሄይስ የተሰለፈው በመሃል አጥቂነት ነበር። በፍጻሜ ኮከብ የሆነን ወጣት አጥቂ ከቦታው የሚያነሳ አሰልጣኝ ብዙ አይደለም፤ ካይሊ ግን ጥቂት ቆይቶ ይህን ሰው ወደ ኋላ መልሶ የክንፍ ተከላካይ አደረገው። ላይ ላዩን ሲታይ ጥቃቱን ያሳሳ ይመስላል። ነገር ግን በሐምሌ 2021 በመንስተር (የደቡብ አየርላንድ ካውንቲዎች ውድድር) ፍጻሜ፣ ሊመሪክ በቲፐሬሪ በአሥር ነጥብ ተመርቶ ከእረፍት በተመለሰበት ጨዋታ፣ ሄይስ ከራሱ ሜዳ ኳሷን ይዞ ተነሣና ተከላካዮቹን እየሰነጠቀ እስከ ጎሉ ድረስ ሮጦ ግብ አስቆጠረ፤ ሊመሪክም 2-29 ለ 3-21 አሸነፈ። ከፊት ቆሞ ኳስ የሚጠብቅ አጥቂን አንድ ተከላካይ ይይዘዋል፤ ከኋላ ተነስቶ የሚመጣን አጥቂ ግን ማን እንደሚይዘው አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ሜዳው በዚህ መጠን ሰፊ በሆነበት ጨዋታ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

የሊመሪክ የሁለተኛ መስመር አጥቂዎችም በዚያው መንፈስ የተመረጡ ነበሩ። ወደ ኋላ ወርደው ለኳስ ይታገላሉ፣ ካገኟትም በኋላ ከሩቅ ነጥብ ያስቆጥራሉ። በ2020ም በ2023ም ፍጻሜዎች ሊመሪክ አንድም ግብ ሳያስቆጥር በ30 ነጥብ አሸንፏል። ይህ ውጤት በብዙ አሰልጣኞች አእምሮ ውስጥ «ግብ አያስፈልግም፣ ነጥብ ይበቃል» የሚል ሐሳብ ተክሏል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ሒሳቡም አይደግፈውም። አንድ ቡድን ሦስት የነጥብ ሙከራ አድርጎ ሁለቱ ቢሳኩለት ሁለት ነጥብ ያገኛል። በእነዚያው ሦስት አጋጣሚዎች ወደ ግብ ሄዶ አንዱ ብቻ ቢሳካለት ግን ሦስት ነጥብ አለው፤ በሕገ ወጥ መንገድ ሲያስቆሙትም ቅጣት ምት ወይም ፍጹም ቅጣት ምት ያገኛል። እርግጥ ሁሉም ኳስ ግብ የመሆን ዕድል የለውም፣ በብዙ ተከላካይ ተከብቦ ወደ ግብ መግፋትም ኳስን ማባከን ነው። ሊመሪክ ያለ ግብ ያሸነፈው ኳስን መልሶ የሚነጥቅበት ኃይል ስለነበረው፣ የሞከራቸው ሙከራዎችም እጅግ ብዙ ስለነበሩ ነው። ያ ኃይል የሌለው ቡድን ሊመሪክን ልምሰል ቢል ነጥብ በነጥብ ሲሮጥ ይደክምና ከኋላ ይቀራል።

ወደ 2025 ልመለስ። በዚያ ዓመት ኮርክ ከ2005 ወዲህ ያላገኘውን ዋንጫ ለማግኘት ከማንም ይልቅ የቀረበ ቡድን ነበር። በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ከዋናው ውድድር በፊት በሚደረገው ሊግ ፍጻሜ፣ ቲፐሬሪን 3-24 ለ 0-23 አሸነፈ፤ በዚያው ወር መጨረሻ በመንስተር ውድድር እንደገና ተገናኝተው 4-27 ለ 0-24 ረታው፣ ምንም እንኳ በዚህኛው ጨዋታ ቲፐሬሪ ገና ከጅምሩ አንድ ተጫዋች በቀይ ካርድ አጥቶ የነበረ ቢሆንም። በግማሽ ፍጻሜ ደግሞ ደብሊን ላይ ሰባት ግብ አስቆጠረ። የኮርክ ጥቃት ምን ላይ እንደተመሠረተ ማንም ያውቀው ነበር፤ ረጅም ኳስ ከኋላ ይላካል፣ ቁመታሙ ብራያን ሄይስ ጎሉ ፊት ለፊት ይታገልባታል፣ በዙሪያው ያሉት ፈጣን አጥቂዎች የምትወድቀውን ይለቅማሉ፣ ተጋጣሚ ሲያጠፋም ለዓመታት የካውንቲው ዋና ነጥብ አስቆጣሪ የነበረው ፓትሪክ ሆርገን ቅጣቱን ያገባል። በሁለት ጨዋታ በአንድ ወር ውስጥ ሰባት ግብ የተቆጠረበት የቲፐሬሪ አሰልጣኝ ሊያም ካሂል ምን ማድረግ ነበረበት?

ካሂል የመረጠው መንገድ ከስድስቱ ተከላካዮች በተጨማሪ ብራያን ኦማራን ነጻ ተከላካይ አድርጎ ማቆም ነበር፤ ማንንም እንዲይዝ ሳይታዘዝ፣ በኮርክ የፊት አጥቂዎች ዘንድ የሚወድቀውን ረጅም ኳስ እንዲጠብቅ። በቲፐሬሪ ባህል ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ቲፐሬሪ ሙሉ ስድስት አጥቂ አሰልፎ ፊት ለፊት መግጠምን እንደ ክብር የሚያይ ካውንቲ ነው፤ ስብሰባው በ1884 ተደርጎ የጌሊክ ስፖርት ማኅበር የተመሠረተውም በዚያው ካውንቲ በተርልስ ከተማ ነው። አጥቂ የሚቀንስ አሰልጣኝ ከተሸነፈ ፈሪ ተብሎ እንደሚወቀስ ካሂል ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

እዚህ ላይ ነው አጥቂ ቀንሶ ማጥቃት የምለው ነገር የሚታየው። ነጻ ተከላካይ ያቆመ ቡድን ፊት ለፊት አምስት አጥቂ ብቻ ይቀረዋል፤ ስለዚህ ለተጋጣሚውም አንድ ሥራ የሌለው ተከላካይ ይተውለታል። ብዙ ቡድኖች በዚህ ስልት የሚከስሩት እዚህ ላይ ነው፤ ኳስን ከኋላ ያስቀራሉ፣ ከዚያ በጭፍን ወደ ፊት ይመቱታል፣ የተጋጣሚያቸው ትርፍ ሰውም ተረጋግቶ ይይዛታል። ስልቱ ለጥቃት የሚጠቅመው ሁለት ነገር ሲሟላ ብቻ ነው። የመጀመሪያው፣ ነጻው ተከላካይ ኳስን ነጥቆ የሚያቀብልበትን ሰው ለይቶ የሚያይ መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ ከፊት የሚቀሩት አምስቱ በሰፊ ቦታ ላይ መሮጥ የሚችሉ መሆን አለባቸው፤ ስድስት ሰው የሚጨናነቅበት ሜዳ ለአምስት ሲሰፋ፣ ያንን ስፋት የሚጠቀምበት ሰው ያስፈልጋል። ካሂል ከተጫዋቾቹ አንዳንዶቹን ከታዳጊ ቡድኖች ጀምሮ ያሠለጠናቸው በመሆኑ ማን በምን ዓይነት ቦታ ላይ እንደሚሻል በቅርብ ያውቃል።

የመጀመሪያው አጋማሽ ግን ውሳኔውን የሚያስመሰግን አልነበረም። ኮርክ ከሩቅ እየመታ ነጥብ ሰበሰበ፣ አጋማሹ ሊያልቅ ሲልም ሼን ባሬት ግብ አስቆጠረ፤ ቡድኖቹ ለእረፍት የገቡት ኮርክ 1-16 ለ 0-13 እየመራ ነው። ስድስት ነጥብ ማለት ነው። ብዙ አሰልጣኝ በዚህ ሰዓት ነጻ ተከላካዩን ወደ ፊት መልሶ ይልክ ነበር፤ ካሂል ዕቅዱን አላፈረሰም። ለዚህ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም የተቆጠረበት አብዛኛው ከሩቅ የተመታ ነጥብ እንጂ ብራያን ሄይስ ጎሉ ፊት ያሸነፈው ኳስ አልነበረም፣ ዕቅዱም ሊዘጋ የተነሣው ያንን በር ነበር። ከሩቅ የሚመታ ነጥብ ደግሞ ድካም ሲመጣና ተጋጣሚ ሲጠጋ ይቀንሳል።

በሁለተኛው አጋማሽ ቲፐሬሪ 3-14 ሲያስቆጥር ኮርክ ያስቆጠረው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። በፍጻሜ ጨዋታ እንዲህ ያለ መገለባበጥ እጅግ ብርቅ ነው፤ በአንድ ምክንያት ብቻ የሚያስረዳው ሰው ካለ አላምነውም። ቢሆንም በእኔ እይታ ሥሩ የበረኛው ምት ነው። ኮርክ ረጅሙን ምት መላኩን ቀጠለ፣ የቲፐሬሪ ተከላካዮችና አማካዮች ደግሞ የምትወድቀውን ኳስ መልቀም ያዙ፤ የተቆጠረበት ቡድን ነው ምቱን የሚመታውና፣ ቲፐሬሪ ነጥብ ባስቆጠረ ቁጥር ኳሷ ተመልሳ ወደ ራሱ ትመጣ ጀመር። ሁለት ግብ ያስቆጠረው ጆን ማግራ ነው፤ ዕድሜው ከ30 ያለፈ፣ በ2022 የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሶ ብዙዎች ከእንግዲህ አይመለስም ያሉት ሰው። አምስት አጥቂ ሲቀር ከጎሉ ፊት የሚቆመው ሰው ብቻውን ከተከላካዩ ጋር ይፋጠጣል፤ ማግራ ደግሞ በጠባብ ቦታ ላይ የዱላው ጫፍ ብቻ የሚበቃው አጥቂ ነው። የኮርኩ ኦወን ዳውኒም እሱን ለማስቆም ሲል ጥፋት ሠርቶ በሁለተኛ ቢጫ ወጣ፣ ፍጹም ቅጣት ምቱንም ዳራ ማካርቲ አገባው። ኮርክ በኋላ ያገኘውን ፍጹም ቅጣት ምት በረኛው ሪስ ሼሊ አዳነ። የመጨረሻው ውጤት 3-27 ለ 1-18 ሆነ፤ በሚያዝያ በ15 ነጥብ የተሸነፈው ቡድን በሐምሌ በዚያው 15 ነጥብ አሸነፈ።

ስለ ዳራ ማካርቲ ለብቻው መናገር አለብኝ። በዚያ ፍጻሜ 1-13 ያስቆጠረ፣ አብዛኛውንም ከቆመ ኳስ ያገባ የ19 ዓመት ወጣት ነው። በሚያዝያው ጨዋታ ገና ከጅምሩ በቀይ ካርድ የወጣው እሱ ነበር፤ ከፍጻሜው ሁለት ሳምንት በፊት ኪልኬኒን 4-20 ለ 0-30 ባሸነፉበት ግማሽ ፍጻሜም በሁለተኛ ቢጫ ወጥቷል። በአንድ የውድድር ዘመን ሁለት ጊዜ ቡድኑን በአንድ ሰው ያጎደለን ልጅ በዓመቱ ትልቁ ቀን እንደገና ማሰለፍ፣ ያውም የቅጣት ምቱን ኃላፊነት ሰጥቶ፣ ለጥንቃቄ የሚያደላ አሰልጣኝ የሚደፍረው አይደለም። ካሂል ግን ማካርቲን ለማስቀመጥ ሲያስብ ማን ቅጣት ምት ይመታል የሚለውን አብሮ ማሰብ ነበረበት። ቅጣት መቺን መቀየር የአጥቂዎችን አጨዋወት ይቀይራል፤ የሚያገባ ሰው እንዳለ የሚያውቅ አጥቂ ተከላካይ ላይ ደፍሮ ይሄዳል፣ ካስቆሙትም ነጥቡ እንደማይቀርበት ያውቃል።

ወጣትን በትልቅ ቀን ማመን በዚህ ጨዋታ የቆየ ታሪክ አለው። በመስከረም 2013 ክሌርና ኮርክ በፍጻሜው 0-25 ለ 3-16 አቻ ወጡ፤ ክሌር አንድም ግብ አላስቆጠረም። ለድጋሚው ጨዋታ አሰልጣኙ ዴቪ ፊትዝጀራልድ የ19 ዓመቱን ሼን ኦዶኔልን አሰለፈው፤ ልጁ መሰለፉን ያወቀው ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ነበር። ኦዶኔል ሦስት ግብና ሦስት ነጥብ አስቆጠረ፣ ክሌርም 5-16 ለ 3-16 አሸነፈ። የኮርክ ተከላካዮች ሳምንታት ሙሉ የተዘጋጁት ለሌላ ዓይነት የፊት መስመር ነበር። ምርጫ ከስልት ጋር አንድ ነው ስል ከዚህ የተሻለ አጭር ማስረጃ የለኝም።

በሚቀጥለው ዓመት ኪልኬኒና ቲፐሬሪም በፍጻሜው 3-22 ለ 1-28 አቻ ወጥተው ነበር። የኪልኬኒው ብራያን ኮዲ ለድጋሚው ያደረገው ትልቁ ለውጥ ግን መሃል ተከላካዩን ማንሳት ነበር፤ በብራያን ሆገን ቦታ ኪየረን ጆይስን አገባ፣ ጆይስም የጨዋታው ኮከብ ሆነ። 1-28 ያስቆጠረው ቲፐሬሪ በድጋሚው 2-14 ላይ ቆመ፣ ኪልኬኒም 2-17 አስቆጥሮ ዋንጫውን ወሰደ። መሃል ተከላካዩ በተጋጣሚው ረጅም ምት ማረፊያ ላይ የሚቆም ሰው ነውና፣ እሱን መቀየር የሁለቱንም ቡድኖች ጥቃት መቀየር ነው።

የሚቀረኝ የተጠባባቂዎቹ ነገር ነው። ለጨዋታ ቀን 26 ተጫዋቾች ይመዘገባሉ፣ ከተጠባባቂዎቹም በመደበኛው ሰዓት አምስቱ ብቻ ይገባሉ። አብዛኞቹ አሰልጣኞች ተጠባባቂ የሚመርጡት ከቋሚዎቹ ቀጥሎ ማን ይሻላል ብለው ነው፤ ውጤቱም ቁመታሙን በቁመታም፣ ፈጣኑን በፈጣን መተካት ይሆናል። የ2025ቱ ኮርክ በሁለተኛው አጋማሽ የፈለገው ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነበር ብዬ አስባለሁ። ረጅሙ ምት እንደማያዋጣ ሲታይ፣ በረኛው ኳሷን አሳጥሮ ለተከላካይ መስጠት፣ ተከላካዩም ይዟት ወደ ፊት መሮጥ ይችሉ ነበር፤ ቲፐሬሪ አምስት አጥቂ ብቻ ስላሰለፈ ዳውኒ እስኪወጣ ድረስ ከስድስቱ የኮርክ ተከላካዮች አንዱ ማንም የማይይዘው ነጻ ሰው ነበር። ያንን ነጻ ሰው ለመጠቀም፣ በፍጥነት ኳስ ይዞ መውጣት የለመደ ተከላካይ ወይም ወደ ኋላ ወርዶ ኳስ የሚቀበል አማካይ ከተጠባባቂዎቹ መካከል ጨዋታው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ጀምሮ ለዚሁ ሥራ ታስቦ መቀመጥ ነበረበት። በእረፍት ሰዓት በስድስት ነጥብ የሚመራ ቡድን እንዲህ ያለውን ለውጥ በራሱ ተነሳሽነት አያመጣውም፤ ስለዚህ ምቱ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ከተነጠቀ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ፣ በረኛውም ከዚያ በኋላ ለማን እንደሚያቀብል በሳምንቱ ልምምድ ላይ ተወስኖ ለሁሉም ሊነገር ይገባል።

አመሰግናለሁ።